እህቴ ሉፐስ አለባት፤ ታናሻችንንም ያሰጋታል? «የዘር ነው» የሚባለው ምን ያህል እውነት ነው?

የኮዬ ልጅ (ኮዬ ፈጬ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጽሑፌ ቢረዝም ታገሱኝ፤ የሚያማክረን ሰው አጥተን ነው።

ታላቅ እህቴ ሉፐስ አለባት፤ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካልን የሚያጠቃበት በሽታ ነው አሉን። መጀመሪያ ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏት ነበር። «ቁርጥማት ነው፣ የዚህ ኮንዶሚኒየም ብርድ አይቻልም» ብለን ተውነው። ቀጥሎ ከጉንጯ እስከ አፍንጫዋ ጠቆር ያለ ነገር ወጣባት። አንዷ ጎረቤት «ምች ነው» ብላ ዳማ ከሴ አሸችላት፣ ሌላዋ «ማድያት ነው» አለች። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ሲላትና ሽንቷ ቶሎ የማይጠፋ አረፋ ሲያወጣ ነው ወደ ትልቅ ሆስፒታል የተላከችው። ከኩላሊቷ ናሙና ተወስዶ ሉፐሱ ኩላሊቷን እንደነካ ተነገረን። አሁን መድኃኒቷን እየወሰደች ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ሥራዋንም ጀምራለች።

አሁን የጨነቀን የታናሻችን ነገር ነው። ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ተቆርጦ ሳለ የልጁ ወገኖች ጆሮ «በዘራቸው በሽታ አለ አሉ» የሚል ወሬ ገባ። በግልጽ የተናገረ የለም፤ ቀኑ ግን ይኸው ይገፋል። እናቴ እንቅልፍ አጥታለች፤ «ከእኔ ነው ወይስ ከአባታችሁ?» እያለች ራሷን ትበላለች። ታናሻችንን እስካሁን ምንም አላመማትም።

እኔ ደግሞ ማታ ማታ ስልኬ ላይ ሳነብ፣ አፍሪካውያን ኩላሊት የሚያበላሽ ጂን (ከወላጅ የሚወረስ ዘረ መል) አላቸው፣ ሉፐስ ሲጨመርበት ቶሎ ወደ እጥበት ይወስዳል የሚል አየሁ። ይሄን ለእናቴ አልነገርኳትም። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። በዘር ይተላለፋል? ታናሻችን ትመርመር? ያ ጂን እኛም ላይ አለ?

ሰበታ ነዋሪ

አይዞሽ እህቴ። እህትሽን ጨርሶ ይማርልሽ። እኔ እስከማውቀው ሉፐስ ከጭንቀት የሚመጣ እንጂ በዘር የሚተላለፍ አይደለም። ለእናትሽ እንደዚያ ብለሽ ንገሪያቸውና ይረፉ።

ሐኪም ከለገጣፎ

ማጽናናቱ ደግ ነው፤ እናትየውን የበለጠ የሚያሳርፋቸው ግን እውነቱ ይመስለኛል። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ የሉፐስ ታካሚዎችን አያለሁ።

ሉፐስ ውስጥ የዘር ድርሻ አለ። ይሄን በደንብ ያሳዩን መንትዮች ናቸው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ጂናቸው አንድ ዓይነት ነው። ሆኖም አንዷን ሉፐስ ሲይዛት ሌላዋም የምትያዘው ከ100 ጥንዶች ከ25 እስከ 40 በሚሆኑት ብቻ ነው። ከሁለት እንቁላል የተገኙት ግን እንደ ማንኛውም እህትማማች ጂናቸውን በከፊል ነው የሚጋሩት፤ እነሱ ላይ ቁጥሩ ከ2 እስከ 5 ይወርዳል። የሁለቱ ቁጥሮች መራራቅ ጂን ሥራ እንዳለው ያሳያል። ያንኑ ጂን የተሸከመችው መንትያ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ሆና መኖሯ ደግሞ ጂን ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል። ለታናሽሽ የሚቀርበው ሁለተኛው ቁጥር ነው። ከ100 እህቶች 95 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ሉፐስ ሳይነካቸው ይኖራሉ።

«የታማሚ እህት ወይም ወንድም አደጋው 24 እጥፍ ነው» የሚል ካጋጠመሽም አትደንግጪ። ቁጥሩ ትክክለኛ ነው፤ ታይዋን ውስጥ መላውን ሕዝብ ከሚይዝ የጤና መድን መዝገብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ነው። እጥፉ የተሰላው ግን ከትንሽ ቁጥር ተነስቶ ነው። እዚያ አገር ሉፐስ ያለባት ከ1,000 ሴቶች አንዷ ገደማ ናት፤ 24 ጊዜ ብታበዢው ከ100 እህቶች ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው። ያው ጥናት ሰዎች በሉፐስ ለመያዝ ካላቸው ልዩነት 44 በመቶ ያህሉን ለዘር ሰጥቷል። የቀረው ሌላ ነገር ነው፦ ፀሐይ፣ ሲጋራ፣ ለዓመታት የተሳበ የሲሊካ ብናኝ፣ ኤፕስታይን ባር የሚባለው ቫይረስ፣ ገና ያልተለዩ ምክንያቶችም።

እናትሽ «ከእኔ ነው ወይስ ከአባታችሁ» ማለታቸውን እንዲተዉ ደግሞ ይሄን ንገሪያቸው። እስካሁን ከሉፐስ ጋር የተያያዙ ከ100 በላይ የዘረ መል ቦታዎች ተለይተዋል። አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው የሚጨምሩት አደጋ ጥቂት ነው፤ እኔም፣ አንቺም፣ የልጁ እናትም የተወሰኑትን ይዘን ነው የምንኖረው። ኤችኤልኤ የሚባለው የጂኖች ስብስብ ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለይበት ነው። አይአርኤፍ5ና ስታት4 የሚባሉት ደግሞ ቫይረስ ሲገባ የሚነሳውን የኢንተርፌሮን ማንቂያ ያዛሉ፤ ሉፐስ ላይ ይሄ ማንቂያ ቫይረስ በሌለበት ሲጮህ ይኖራል። ከእናት ጥቂቱ፣ ከአባት ጥቂቱ ሲገናኝና ከውጭ የሚቀሰቅሰው ሲጨመር ነው በሽታው የሚነሳው። ከወላጆች አንዱን ነጥሎ ጥፋተኛ የሚያደርግ ነገር እዚህ ውስጥ የለም።

ስለ ኩላሊቱ ጂን ያነበብሽው ራሱን የቻለ መልስ ይፈልጋል፤ ከተራዬ ስወጣ እጽፍልሻለሁ።

የላብራቶሪ ሰው (አያት)

ሐኪሙ እስኪመለስ ስለ ምርመራው ልናገር። እባካችሁ ምንም ያላመማትን ልጅ ወስዳችሁ ኤኤንኤ አታስመርምሯት፤ ኤኤንኤ የራስን ሕዋስ የሚያጠቃ አንቲቦዲ (የመከላከያ ፕሮቲን) ደም ውስጥ መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ ነው። ሉፐስ ካለባቸው ሰዎች ከ95 በመቶ በላይ ኤኤንኤ ይገኝባቸዋል፤ ችግሩ ጤነኞቹም ላይ መገኘቱ ነው። ደሙ በ1 ለ40 ልክ ቀጥኖ ሲታይ ከጤነኛ ሰዎች ሲሶ የሚጠጋው ላይ ይወጣል፣ በ1 ለ160 እንኳ ከ100 አምስቱ ላይ አለ። የሉፐስ ታካሚ ቤተሰብ ላይ ደግሞ ከዚህም ይበዛል። ልጅቷ ጤነኛ ሆና «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ይዛ ብትመጣ ያ ወረቀት ለማን እንደሚደርስና ምን ተብሎ እንደሚወራ አስቡት።

የጂን ምርመራም እንደዚያው ነው። ምራቅ ወደ ውጭ ተልኮ የሉፐስ ተጋላጭነት ነጥብ ይሰጣችኋል የሚሉ አሉ። ነጥቦቹ የተሠሩበት መረጃ በአብዛኛው የአውሮፓውያንና የምሥራቅ እስያውያን ነው፤ እኛ ላይ ሲለካ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ አይታወቅም። በዚያ ገንዘብ የታላቋን የሽንትና የደም ክትትል መክፈል ይሻላል።

የሱሉልታው

ወንድ ነኝ፣ ሉፐስ አለብኝ። «የሴት በሽታ» ሲባል እየሰማሁ ስንት ጊዜ ዝም እንዳልኩ እግዚአብሔር ያውቃል። ለሐኪሙ ጥያቄ አለኝ፤ ሴቶች ላይ የሚበዛው ለምንድን ነው? እኔ ላይ ከመጣ ሰውነቴ ውስጥ የተለየ ነገር አለ ማለት ነው?

ለእህትየው ደግሞ ከራሴ የማውቀውን ላካፍል። ፀሐይዋን አትናቁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የእኛ ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ትላለች፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐይ የለም ብለን እንታለላለን እንጂ ጨረሩ ብርድም ላይ ይወርዳል። በተለይ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ቀን ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም ባለ ሰፊ ክንፍ ባርኔጣና እጅጌ ሙሉ ሸሚዝ አይለዩኝም። የፀሐይ ክሬም ውድ ነው፤ ሲገኝ እቀባለሁ፣ ሲጠፋ ጨርቁ ይሠራል። ጃንጥላም እይዛለሁ፤ የሚያየኝ ይየኝ።

ሐኪም ከለገጣፎ

ወንድሜ፣ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። ከ10 የሉፐስ ታካሚዎች 9ኙ ሴቶች ናቸው፤ አንዱ ግን ወንድ ነው፣ ያ አንዱ እየዘገየ ነው የሚታወቀው።

ከምክንያቶቹ አንዱ ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው፤ ክሮሞሶም ጂኖች ተሰድረው የሚገኙበት ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ በየሕዋሱ አንደኛው ዝም ይላል። ዝም ከተባለው ክሮሞሶም አምልጠው የሚሠሩ ጂኖች አሉ፤ ቲኤልአር7 ከእነሱ አንዱ ነው። ሥራው የቫይረስ አርኤንኤ (የዘር መልእክቱን) ሲያይ ማንቃት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ጥናት ገና በልጅነቷ ከባድ ሉፐስ በያዛት አንዲት ስፔናዊት ላይ የዚህን ጂን አንዲት ፊደል ለውጥ አገኘ። ያንኑ ለውጥ አይጥ ላይ ሲያስገቡት አይጧም ሉፐስ ያዛት። ሁለት ኤክስ ከአንድ ዋይ ጋር ይዘው የሚወለዱ ወንዶችም በሉፐስ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ወንድ 14 እጥፍ ገደማ ነው። ይሄ ማለት ግን አንተ እንደዚያ ነህ ማለት አይደለም፤ ሉፐስ ያለባቸው አብዛኞቹ ወንዶች አንድ ኤክስና አንድ ዋይ ነው ያላቸው።

ሁለተኛው ነገር ሲ4 የሚባል የደም ፕሮቲን ነው። ሲ1ኪው፣ ሲ2፣ ሲ4 የሚባሉት ኮምፕልመንት የተባለው የመከላከያ ፕሮቲኖች ቤተሰብ አባላት ናቸው። ከሥራዎቻቸው አንዱ የሞቱ ሕዋሶችን ምልክት አድርጎ ማስነሳት ነው። በየኮንዶሚኒየሙ ቆሻሻ የሚያነሳው ጋሪ ሳይመጣ ሲቀር ምን እንደሚሆን እናውቃለን፤ እዚህም የሞተው ሕዋስ ሳይነሳ ሲቆይ በውስጡ ያለው ዲኤንኤ ይጋለጥና የሰውነት መከላከያ እንደ ባዕድ ይቆጥረዋል። ሰዎች የሚወርሱት የሲ4 ጂን ቅጂ ብዛት ይለያያል፤ ብዙ ቅጂ ያለው ለሉፐስ ያለው ተጋላጭነት ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት ወንዶች ደማቸው ውስጥ ያለው የሲ4 መጠን ከሴቶች ከፍ እንደሚል አሳይቶ፣ ሴቶች የሚበዙበትን ምክንያት በከፊል በዚህ አብራርቷል።

እናት ከቡራዩ

ዶክተር፣ ሲ1ኪው ስላልክ ነው የምጽፈው። ልጄን ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው ሉፐስ የያዛት። ሐኪሞቹ «አንቺና ባልሽ ትዛመዳላችሁ ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ ቅር አለኝ። አንዛመድም፣ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው። ለምን ጠየቁኝ?

ሐኪም ከለገጣፎ

እናቴ፣ ቅር አይበልሽ፤ ሕፃን ላይ ሲሆን ጥያቄው የግድ ነው። እስካሁን ያወራነው ብዙ ጥቃቅን ጂኖች ተደምረው ስለሚያመጡት የተለመደው ሉፐስ ነው። በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ ግን አንድ የተበላሸ ጂን ብቻውን በሽታውን ያመጣል፤ በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ሲጀምር ይሄ ይታሰባል። ሲ1ኪው ጨርሶ ከሌላቸው ሰዎች ከ90 በመቶ በላይ ሉፐስ ወይም እሱን የሚመስል ሕመም ይይዛቸዋል። ሲ4 ጨርሶ ከሌላቸው ሦስት አራተኛ ያህሉን፣ ሲ2 ከሌላቸው ደግሞ ከ100 ከ10 እስከ 20 የሚሆኑትን ይይዛል።

ይሄ ዓይነቱ ጉድለት እንዲመጣ ልጁ የተበላሸውን ቅጂ ከሁለቱም ወላጆች መውሰድ አለበት። ወላጆቹ ራሳቸው ጤነኞች ናቸው። ባልና ሚስት ዘመዳሞች ሲሆኑ አንድ ዓይነት የተደበቀ ቅጂ የመያዝ ዕድላቸው ይጨምራል፤ ሰባት ቤት መቁጠር ይሄን ይቀንሳል፣ ጨርሶ ግን አይዘጋውም። የተለመደውን ሉፐስ ደግሞ ቤት መቁጠር አያስቀረውም። የኮምፕልመንትን አጠቃላይ ሥራ የሚለካውን ሲኤች50 የሚባል ምርመራ ማሠራት ይቻል እንደሆነ የልጅሽን ሐኪም ጠይቂ። ውጤቱ ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የተጠጋ ከሆነ ወደ አንደኛው ጉድለት ያመለክታል። እነዚህ ልጆች ኢንፌክሽን ስለሚበረታባቸው ክትባታቸው እንዳይጓደል አደራ።

የኮዬ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር። የመንትዮቹን ነገር ለእናቴ አነበብኩላት። «እንግዲያው ጥፋቱ የማንም አይደለም» ብላ ትንሽ ቀለል አላት። የኩላሊቱ ጂን ግን እኔን አሁንም እየበላኝ ነው።

ሐኪም ከለገጣፎ

እሺ፣ አሁን ተራዬን ጨርሻለሁ። ይሄን በዝርዝር ልጽፈው፤ ብዙ ሰው እያነበበ የሚደነግጥበት ነገር ነው።

ጂኑ አፖኤል1 ይባላል። ጂ1 እና ጂ2 የተባሉ ሁለት ዓይነት ለውጦች አሉት፤ ከኩላሊት በሽታ ጋር ያላቸው ግንኙነት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የሚበዙት ምዕራብ አፍሪካ ውስጥና ከዚያ በባርነት በተወሰዱ ሰዎች ዘር ላይ ነው። እንደዚያ የበዙት ቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈውን የእንቅልፍ በሽታ ተውሳክ ስለሚገድሉ ነው፤ አንድ ቅጂ የያዘ ሰው ከተውሳኩ ይጠበቃል፣ ሁለት የያዘ ደግሞ ኩላሊቱ የመጎዳት ዕድሉ ይጨምራል። ከአፍሪካ አሜሪካውያን 13 በመቶ ያህሉ ሁለት ቅጂ አላቸው። ሁለት ቅጂ ያለው ሰው ሉፐሱ ኩላሊቱን ከነካ ቶሎ ወደ እጥበት እንደሚደርስ ያሳየ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። አንቺ ያነበብሽው ይሄንን ነው። ልብ በይ፣ ጂኑ ሉፐስን አያመጣም፤ የመጣው ሉፐስ ኩላሊት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ነው የሚያባብሰው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት እስራኤል ውስጥ የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ታይተው፣ እነዚህ የአፖኤል1 ለውጦች አልተገኙባቸውም። ከእነሱ መካከል ኤችአይቪ ያለባቸውም ምዕራብ አፍሪካውያን ላይ የሚታየው የኤችአይቪ ኩላሊት በሽታ አልታየባቸውም። ጥናቱ በኢትዮጵያ ያሉትን ሕዝቦች ሁሉ የያዘ አይደለም። ቢሆንም «አፍሪካዊ» በሚል አንድ ቃል ሁሉንም ጠቅልሎ ናይጄሪያ ውስጥ ያለውን ጂን ኮዬ ፈጬ ላለች ልጅ መስጠት እንደማይቻል በግልጽ ያሳያል። አፍሪካ ውስጥ ያለው የዘረ መል ልዩነት ከሌላው ዓለም ሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ ያ ጂን በእህትሽ ላይ አለ ብለሽ የምትፈሪበት ምክንያት አይታየኝም።

ይሄን ስል ግን የእህትሽ ኩላሊት ከአደጋ ነፃ ነው ማለቴ አይደለም። ሉፐስ ካለባቸው አዋቂዎች ከ100 40 ያህሉ ላይ በሽታው ኩላሊት ይነካል፤ የእነሱንም ክብደት የሚወስኑ ሌሎች ጂኖች አሉ። ስታት4 ከከባዱ የኩላሊት ጉዳት ጋር ተያይዟል። አይቲጋም የሚባለውና ኤፍሲ ጋማ የተባሉት የአንቲቦዲ ተቀባዮችም በዚሁ ስማቸው ይነሳል። እኛ አገር ኩላሊት ሲጠፋ የማየው ግን አብዛኛውን ጊዜ በመዘግየት ነው። ሽንቱ ሳይታይ ወራት ያልፋሉ፣ ግፊቱ 160 ሆኖ መድኃኒት አይጀመርለትም፣ እብጠቱ «ውፍረት» ይባላል፣ መድኃኒቱ ገበያ ላይ ሲጠፋ ይቋረጣል። ጂኗን መለወጥ አንችልም፤ እነዚህን አራቱን ግን መለወጥ እንችላለን፣ እኔ የምናደደውም በዚህ ነው።

ኩላሊቷ ቢደክም እንኳ ነገር አለቀ አይባልም። ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ይሠራል፤ ሉፐስ አዲሱን ኩላሊት ተመልሶ የሚያጠፋውም ጥቂት ሰዎች ላይ ነው።

ፋርማሲስቷ (ጀሞ)

ሐኪሙ ያልነካውን እኔ ልጨምር። ሉፐስ ያለባት ሰው መገጣጠሚያዋን ሲያማት የሰፈር ክሊኒክ ገብታ የዲክሎፌናክ መርፌ ትወጋለች ወይም ኢቡፕሮፌን ይዛ ትወጣለች። ኩላሊት ለተነካ ሰው ሁለቱም አደገኛ ናቸው። እባክሽ እህትሽ ማንም ጋ ስትሄድ «ሉፐስ አለብኝ፣ ኩላሊቴ ተነክቷል» ብላ ትጀምር።

ኮዴይን ያለበት ማስታገሻም ለብቻው መጠንቀቅ ይፈልጋል። ጉበት ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚለውጥበት ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ጂን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ የዚህ ጂን ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል። እነሱ ላይ ልውጫው ይፈጥናል፣ የተለመደው መጠንም ይበረታል።

ከመድኃኒት የሚመጣ ሉፐስም አለ። ሃይድራላዚን የሚባለው የግፊት መድኃኒትና የቲቢው አይሶኒያዚድ ከሚያመጡት ውስጥ ናቸው። ናት2 የሚባለው ጂናቸው መድኃኒቱን ቀስ ብሎ የሚያስወግድ ሰዎች ለዚህ የበለጠ ይጋለጣሉ። መድኃኒቱ ሲቆም በሽታው ይጠፋል፤ ይሄኛው ኩላሊት የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። የቲቢ መድኃኒት ግን ከሐኪም ሳትመክሩ በራሳችሁ አታቁሙ።

ሃይድሮክሲክሎሮኪን ደግሞ «የወባ መድኃኒት ለምን ሰጡኝ» ተብሎ የሚተው ነው። የሉፐስ ዋነኛው መድኃኒት ነው፤ ማገርሸትን ይቀንሳል፣ ኩላሊትን ያግዛል። መጠኑ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ5 ሚሊ ግራም ባይበልጥ ነው፤ 60 ኪሎ ለምትመዝን 300 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ዓይን በመጀመሪያው ዓመት ይታያል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ፤ ኩላሊት ከደከመ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ይጀመራል።

አባ ወራ (አለም ባንክ)

ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጄ ይሄው በሽታ አለባት። እንጦጦ ጠበል ገብታ መድኃኒቷን አቁማለች። «እምነቴን ይቀንሳል» ትላለች። ፊቷ በመድኃኒቱ አብጦ ስለነበር ሰው «ተመቸሽ፣ ወፈርሽ» ሲላት በጣም ይከፋት ነበር። ምን ላድርግ?

ሲስተር (ቱሉ ዲምቱ)

አባቴ፣ ዛሬውኑ ደውሉላት። ፊት የሚያሳብጠው ፕሬድኒሶሎን የሚባለው መድኃኒት ለብዙ ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ሆርሞን መሥራት ይቀንሳል፤ በአንድ ቀን ሲቆም ግፊት ወርዶ ሰው ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። ማስመለስ፣ አቅም ማጣት፣ ማዞር ካለባት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። መቀነስ የሚቻለው በሐኪም፣ ቀስ በቀስ ነው።

ጠበሉን ከልክሏት አልልም። የንስሐ አባቷን ይዘው ይሂዱ። የኤችአይቪ መድኃኒት የመጣ ጊዜ ይሄው ጥያቄ ተነስቶ ነበር፤ ያኔ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይወሰዱ ብለው ነበር። ካህን ሲነግራት ትሰማ ይሆናል። የፊቷ እብጠት ደግሞ መጠኑ ሲቀንስ ይወርዳል፤ ይሄን ማንም ሳይነግራት ቀርቶ ይሆናል፣ እርስዎ ይንገሯት።

ኡሙ ሂባ (ፉሪ)

አሰላሙ ዐለይኩም። ሉፐስ አለብኝ፤ ደም ስመረመር አንቲ ሮ የሚባል አለሽ ተብያለሁ። ማርገዝ እፈልጋለሁ፤ ለልጄም ይሄ በሽታ ይደርሰዋል?

ሐኪም ከለገጣፎ

ወዐለይኩም ሰላም እህቴ። ሁለት ነገር ለይተሽ እዪ። ሉፐሱ ራሱ ለልጅሽ የመድረሱ ዕድል ጥቂት ነው፤ ስለ እህቶች ከተናገርኩት ብዙም አይርቅም። አንቲ ሮ ግን በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ የሚያልፍ አንቲቦዲ ነው፤ ጂን አይደለም። ከ100 ፅንሶች አንድ ወይም ሁለቱ ላይ የልብ ምት መተላለፊያውን ይጎዳል። ሽፍታ ብቻ ከሆነ በጥቂት ወራት ይጠፋል። ስለዚህ ከ16ኛው እስከ 26ኛው ሳምንት የፅንሱ ልብ ይታይ፤ ሃይድሮክሲክሎሮኪንሽን በእርግዝና ጊዜም አታቁሚ፣ አደጋውን ይቀንሳል።

ከማርገዝሽ በፊት በሽታው ቢያንስ ስድስት ወር ጸጥ ያለ ይሁን። ማይኮፌኖሌት ከሆነ የምትወስጂው ፅንስ ስለሚጎዳ ከስድስት ሳምንት በፊት በሌላ ይለወጥ። የደም መርጋት የሚያመጡት አንቲቦዲዎችም ይመርመሩ፤ ካሉ በአስፕሪንና በሄፓሪን ይያዛል።

የልጅ አባት (የካ አባዶ)

እኔ የምናገረው ላይጥማችሁ ይችላል። ወንድ ልጅ አለኝ። የልጁ ወገኖች መጠየቃቸው ምን ነውር አለው? ትዳር ነው፤ ቤተሰብ ማወቅ አለበት። ዝም ብሎ ማግባት ኋላ ቂም ያመጣል።

ሲስተር (ቱሉ ዲምቱ)

መጠየቁ ነውር የለውም ጋሼ። በወሬ ቀን መግፋት ነው ነውሩ። ልጅቷ ጤነኛ ናት፤ የሌለባትን በሽታ ምን ብላ ታሳውቅ? የታላቋ ሕመም የታላቋ ነው፤ ማን ይወቀው የምትለው እሷ ናት። በዚህ ሥራ ስቆይ ሕመሙን ለመደበቅ ሲሉ ቀጠሮ የሚያስቀሩ ሴቶች አይቻለሁ። ከወሬው የሚመጣው ጉዳት ኩላሊት ላይ ነው የሚታየው።

የልጅ አባት (የካ አባዶ)

የቀጠሮውን ነገር አላሰብኩትም ነበር፤ እውነትሽን ነው። ግን አንድ ሰው ፊት ለፊት ሄዶ ያስረዳቸው። አለማወቅ ነው የሚያስፈራው።

ሐኪም ከለገጣፎ

በዚህ ከጋሼ ጋር እስማማለሁ፤ ታላቅ እህት ከፈቀደች ነው ታዲያ። ልጁ ራሱ ከታናሽሽ ጋር ወደ ሐኪም ቢመጣ የተሻለ ነው። እኔ ብሆን የምነግረው አጭር ነው፦ ተላላፊ አይደለም፣ እሷ ላይ የለም፣ ወደፊት የመምጣት ዕድሉ ከ100 አምስትም አይሞላም፣ ቢመጣም ቀድሞ ከተያዘ የሚታከም ነው።

የኮዬ ልጅ

ታላቄን ጠየቅኳት። «እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለች። እሁድ ከአጎታችን ጋር ልትሄድ ነው። ታናሻችን ጤና ጣቢያ ሄዳ ግፊቷንና ሽንቷን ታይታለች፤ ሁለቱም ደህና ነው። በየስንት ጊዜው ትደጋግመው?

ሐኪም ከለገጣፎ

ጎበዝ ታላቅ። ለታናሽሽ ምልክት ከሌለ በዓመት አንዴ፣ እርግዝና ላይ ደግሞ በየክትትሉ ይበቃል። ከስድስት ሳምንት ያለፈ የመገጣጠሚያ እብጠት፣ ፀሐይ ሲነካት የሚብስ ሽፍታ፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ትኩሳት፣ የፀጉር መሳሳት፣ የእግር ማበጥ ካየች ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትምጣ። በእኛ ቆዳ ላይ የፊቱ ሽፍታ ቀይ መሆኑ ይቀራል፤ ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ የሚመስል ሊሆን ይችላል። ለታላቋ ሽንት፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬአቲኒን፣ ሲ3 እና ሲ4 የሚባሉት የኮምፕልመንት ፕሮቲኖች ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይታዩ።

ከአሸዋ ሜዳ

ከመጀመሪያው ጀምሮ እያነበብኩ ነበር። የእኔም እህት ሉፐስ አለባት፣ ከሰሞኑ ሽንቷ አረፋ እያወጣ ነው፣ ጠዋት ዓይኗ ሥር ያብጣል። ቀጠሮዋ ገና ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ሐኪም ከለገጣፎ

ሁለት ወር አትጠብቁ። ነገ ጠዋት የመጀመሪያውን ሽንት በንጹሕ ብልቃጥ ይዛ ጤና ጣቢያ ትሂድና ፕሮቲን ይታይላት፣ ግፊቷም ይለካ። ፕሮቲን ሁለት ፕላስ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ግፊቷ ከፍ ካለ ሪፈር ጽፈው በዚያው ቀን ይላኳት፤ ወረቀቱ ላይ «ሉፐስ፣ ኩላሊት ተጠርጥሮ» ብለው እንዲጽፉ ጠይቂያቸው። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነካርቶናቸው ይዛ ትሂድ። ውጤቱን እዚሁ ጻፊልኝ፤ ነገ ማታ ተረኛ አይደለሁም፣ አነበዋለሁ።